ፍንጭቴ እየተመለሰ ነው፤ እማዬ ደስ ብሏታል

ጥያቄ፦

«ዶክተርዬ፣ በድሬ ልጅ ወግ አንቺ ልበልሽ። 22 ዓመቴ ነው፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሀል ሰፊ ፍንጭት ነበረኝ፤ የታችኞቹ ደግሞ ተደራርበው ነበር። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ እየተመላለስኩ ሁለት ዓመት ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ) አሰርኩ። ሰኔ ላይ ተፈታልኝና ለላይም ለታችም የጠራ ፕላስቲክ ሪቴይነር (ጥርሱን ባለበት የሚያቆይ ሽፋን) ተሰጠኝ። "ከምግብ ሰዓት በቀር እንዳታወልቂው" ተባልኩ፤ ሦስት ወር ያህል በደንብ አደረግሁት። ከዚያ እማዬ "ይሄ ነገር ይሸታል" ብላ የላይኛውን የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሲወጣ እንደ ድሮው አልገባ አለኝ፤ በአንድ ጎኑ ያመኛል፣ በሌላው ይነሳል። ተናድጄ ሁለቱንም ተውኳቸው። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። አሁን ከላይ የስቴኪኒ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል፤ ከታችም አንዷ ጥርስ ዘወር ማለት ጀምራለች።

እማዬ "እሰይ! ውበትሽ ነበር፣ እግዜር መለሰልሽ" ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ሁለቱን ጥርስ በትንሽ ላስቲክ አስሮ ማደር ፍንጭት ይዘጋል ሲባል ቲክቶክ ላይ አይታ፣ ላስቲኩን ገዝታ አምጥታልኛለች። የተቀቀለውን በግድ ልግፋው? ላስቲኩን ልሞክር? ደግሞስ ይሄን ነገር እስከ መቼ ነው የማደርገው? ሥራ ስለጀመርኩ አዲስ አበባ ቶሎ መሄድ አልችልም። አርብ አርብ ከልጆቹ ጋር በርጫ አለን፤ እሱንም ካልነገርኩሽ መዋሸት ይሆንብኛል።

ፍንጭቷ፣ ከሳቢያን»

መልስ፦

እህቴ፣ ላስቲኩን ጣይው። ነገ ሳይሆን አሁን፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ። የቀረው ሁሉ ቀስ ተብሎ የሚስተካከል ነው፤ ይሄ ግን ሁለት ጤነኛ ጥርስ ሊያሳጣሽ ይችላል።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ለጓደኛሽም እንድታስረጃት። የፊት ጥርስ ሰፊው ክፍሉ እኛ የምናየው ነው። ወደ ሥሩ ሲሄድ እየቀጠነ፣ እየሾለ ይሄዳል። ላስቲክ ደግሞ ሁለቱን ጥርሶች አቅፎ ሲጠብቅ ባሰርሽበት ቦታ አይቆይም፤ ወደ ቀጭኑ በኩል ይንሸራተትና ድድ ሥር ይገባል። ከገባ በኋላ በመስታወት አይታይም፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያምም ይችላል። ጠዋት ተነስተሽ «ላስቲኩ የለም፣ ሳልውጠው አልቀረሁም» ትያለሽ። እሱ ግን ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያያዙትን ክሮች እየበጠሰ፣ አጥንቱን እያስበላ ወደ ሥሩ ጫፍ መጓዙን ይቀጥላል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ጥርሶቹ የረዘሙ ይመስላሉ፤ ከዚያ መነቃነቅ ይመጣል። ሐኪም ጋ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ጥርሶቹን ማትረፍ አይቻልም። በሙያችን መጽሔቶች ላይ ደጋግሞ የተመዘገበ ጉዳት ነው እንጂ ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ አይደለም። «ብሬስ አስሬ ሳለሁስ ሐኪሙ ራሱ ላስቲክ ይሰጠኝ አልነበር?» ብትዪ፣ ልክ ነሽ፣ ይሰጣል። ያኛው ግን ጥርሱ ላይ በተለጠፈው ብረት መንጠቆ ላይ የሚሰቀል ስለሆነ ወደ ድድ የሚንሸራተትበት መንገድ የለውም።

ወደ ተቀቀለው ሪቴይነር ልምጣ። የጠራው ሪቴይነር የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከአፍሽ በተወሰደው ልክ የጄሶ ሞዴል ይወጣል፤ ስስ የፕላስቲክ ዝርግ በሙቀት እንዲለሰልስ ይደረግና ሞዴሉ ላይ በአየር ተስቦ ይጣበቃል፤ ሲበርድ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። በሙቀት የያዘውን ቅርጽ በሙቀት ይለቃል ማለት ነው። አብዛኞቹ ፕላስቲኮች 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መለስለስ ይጀምራሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃችን 100 ሳይሞላ 96 አካባቢ ላይ ይፈላል። ለሪቴይነርሽ ግን ያ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ያንቺ የላይኛው ሪቴይነር ዛሬ የማንም ጥርስ ልክ አይደለም። በግድ ብትገፊው የሚጫነው በተበላሸው ቅርጹ ነው፤ ያመመሽ ጎን ያሉትን ጥርሶች ወዳልታሰበ ቦታ ሊገፋቸው ይችላል። አታድርጊው። ግን አትጣይው፤ ክሊኒክ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።

የታችኛው አልተቀቀለም አይደል? እንግዲያው አሁን የታች ጥርሶችሽ ምን ያህል እንደሄዱ እውነቱን የሚነግርሽ እሱ ነው። እጅሽን ታጠቢና በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ መስታወት ይዘሽ ቁሚ። ሪቴይነሩን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢው፤ ከፊት ጥርሶች ላይ አስቀምጪና በሁለት ጣትሽ ቀስ እያልሽ ወደ ኋላ እየተጫንሽ ሂጂ። በጥርስሽ ነክሰሽ እንዳታስገቢው፤ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ከገባ በኋላ የፕላስቲኩን ጠርዝ ተመልከቺ። በሁሉም ጥርስ ላይ ገጥሞ ተቀምጦ፣ የሚሰማሽ መጥበቅ ብቻ ከሆነ፣ እድለኛ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ እንደ መጀመሪያው ከምግብና ከጥርስ መቦረሽ ሰዓት በቀር አታውልቂው። የመጥበቁ ስሜት በቀናት ውስጥ እየላላ ይሄዳል፤ የዞረችውም ጥርስ ትንሽ ከሆነ የዞረችው ልትመለስ ትችላለች። በአንዲቷ ጥርስ አናትና በፕላስቲኩ መሀል ባዶ ቦታ ከታየሽ፣ ወይም አንዱን ጎን ስትጫኚ ሌላው ብድግ ካለ ግን አውጪው፤ ትግል አያስፈልገውም፣ አዲስ ያስፈልገዋል።

«ሁለት ዓመት ታስሮ የተስተካከለ ነገር በሁለት ወር እንዴት ይበላሻል?» ብለሽ መናደድሽ አይቀርም። ጥርስ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ የበቀለ አይደለም፤ በሥሩና በአጥንቱ መሀል ባሉ በጣም ስስ ክሮች ታስሮ ነው ያለው። ብሬሱ ሲጫነው፣ በተጫነበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በኋላው አዲስ አጥንት ይሠራል፤ ጥርሱ የሚጓዘው በዚያ መሀል ነው። ሽቦው በተፈታበት ቀን አዲሱ አጥንት ገና አልጠነከረም። ሥሩን የያዙት ክሮች ራሳቸውን ለማደራጀት ሦስት አራት ወር ይፈጃሉ። ድድ ውስጥ ያሉት ተለጣጭ ክሮች ግን እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይጎትቱታል። ሹሩባ ፈትተሽ ስታበጥሪው ጸጉሩ ለጊዜው ተኝቶ ቆይቶ መልሶ ጥምዝምዝ እንደሚለው ነው። ከሁሉም ይልቅ መመለስ የሚወዱት ደግሞ ሁለት ናቸው፦ ዘወር ብሎ የነበረ ጥርስና ፍንጭት። አንቺ ሁለቱም አሉሽ፤ ያቆምሽውም ክሮቹ ገና እየጎተቱ ባሉበት በሦስተኛው ወር ነው። ፍንጭቱ በተለይ ከላይኛው ከንፈር ወደ ድዱ የሚወርደው ሥጋ ወፍራም ሆኖ በሁለቱ ጥርሶች መሀል ከገባ ይብስበታል። ከንፈርሽን ወደ ላይ ሳብ አድርገሽ ስታዪ መሀል ላይ ያለው ድድ ወደ ነጭነት ከተለወጠ፣ ይህን ለሐኪምሽ ንገሪው።

እስከ መቼ ላልሽው፣ መልሱ ደስ አይልሽም። የመጀመሪያዎቹን ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ ሌሊት ብቻ ማድረግ የተለመደ ነው። ከመነሻው ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ብቻ እንዲደረግ የሚያዝዙ ሐኪሞችም አሉ፤ በዚህ ላይ ባለሙያዎች አንድ ቃል አይደሉም፤ አንቺ የያዝሽው ያከመሽን ሐኪም ትእዛዝ ነው። የሌሊቱ ግን ጥርስሽ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለግሽ ድረስ ነው። አዎ፣ ትዳር ይዘሽም፣ ልጅ ወልደሽም። የታችኛው የፊት ጥርስ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር መደራረቡ ብሬስ አስረው በማያውቁ ሰዎችም ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ የአርባና የሃምሳ ዓመት ዘመዶችሽን አፍ ልብ ብለሽ እዪ። ከኋላ ዘግይቶ የሚወጣው መንጋጋ ነው የሚገፋው ይባላል፤ ለሱ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ ስለዚህ ማንም «እሱን ካስነቀልሽ ሪቴይነር አያስፈልግሽም» ቢልሽ አትቀበዪ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነገር ለታካሚ የሚነገረው ብሬሱ በሚፈታበት ቀን መሆኑ ነው። መነገር የነበረበት ገና ብር ሳይከፈል፣ ሽቦ ሳይታሰር ነበር። ያኔ «ሁለት ዓመት ነው» ተብሎ የገባ ሰው፣ በኋላ «እስከ ዕድሜ ልክ» ሲባል የተታለለ ቢመስለው አልፈርድበትም።

አሁን ደግሞ ምን ታደርጊያለሽ? አዲስ አበባ ካልሄድሽ ምንም እንደማይሆን አድርገሽ አትዪው። የሚያስፈልግሽ በቅድሚያ ማስቆም ነው፣ ማስተካከሉ ሊቆይ ይችላል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላሉ የጥርስ ክሊኒኮች ስልክ ደውዪና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «የጥርስ ልክ ወስዳችሁ የጠራ ሪቴይነር ታሠራላችሁ?» ሁሉም አይሠራም፤ የሚሠራው ካልተገኘም ልክ ወስዶ ላቦራቶሪ የሚልክ አለ። ጥርሶችሽ ዛሬ ባሉበት ቦታ ላይ ሪቴይነር ቢሠራልሽ፣ ክፍተቱ ካለበት አይሰፋም፤ ለአዲስ አበባው ጉዞ ጊዜ ትገዢያለሽ። ዋጋው እንደገና ብሬስ ከማሰር ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልክ በተወሰደበትና ሪቴይነሩ በሚሰጥሽ ቀን መሀል ሳምንታት እንዳያልፉ። ጥርሶቹ በዚያ መሀልም ይሄዳሉ፤ ተሠርቶ ሲመጣ አይገባም።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ላከመሽ ሐኪም በቴሌግራም ፎቶ ላኪለት። ጥርስሽን ገጥመሽ ከፊት፣ አፍሽን ከፍተሽ የላይኛውንና የታችኛውን ለየብቻ፣ የታችኛውን ሪቴይነር እንዳደረግሽም አንድ። «የጄሶ ሞዴሌ ወይም የኮምፒውተር ስካኔ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ብሬሱ በተፈታበት ቀን የተወሰደው ሞዴል ካለ፣ ክፍተቱ ትንሽ እስከሆነ ድረስ በድሮው ልክ አዲስ ሪቴይነር ተሠርቶ ጥርሱን ቀስ ብሎ ሊመልሰው የሚችልበት ዕድል አለ። ይህን የሚወስነው እሱ ነው፤ እኔ አፍሽን አላየሁም። ሞዴሉን ከሰጠሽ ደግሞ ውሃ በማይነካው ቦታ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ሪቴይነር በሚጠፋበት፣ በሚሰበርበት ቀን የሚያድንሽ እሱ ነው። የጠራው ፕላስቲክ እኮ በደንብ ቢያዝም እየሳሳና እየተሰነጠቀ ስለሚሄድ በየጊዜው መቀየሩ አይቀርም።

ፍንጭት የተዘጋለት ሰው ደግሞ ስለ ቋሚ ሽቦ መጠየቅ አለበት። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች በስተጀርባ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ቀጭን ሽቦ ይለጠፋል። አይወልቅም፣ አይረሳም፣ እናት አትቀቅለውም። እኔ ላንቺ ዓይነት ሰው የምመርጠው እሱን ነው፤ ሌሊት ደግሞ ከላዩ ላይ የጠራውን ታደርጊበታለሽ። ጣጣው ጽዳቱ ነው። በሽቦው ዙሪያ ቆሻሻ ጠንክሮ ይከማቻል፤ መፋቂያ ከፊት በኩል ጥሩ ቢሠራም እዚያ ኋላ አይደርስም፤ በስቴኪኒ ብትጎረጉሪው ማጣበቂያውን ልታስለቅቂው ትችያለሽ። የጥርስ ክር ከሽቦው ሥር አሾልኮ ማለፍ ወይም ለጥርስ መሀል የሚሠራውን ትንሽዬ ብሩሽ መጠቀም ያስፈልጋል። ደግሞ በአንድ በኩል ተላቅቆ በሌላው ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ጥርሱ ይሄዳል። አልፎ አልፎ በምላስሽ ዳብሺው።

በርጫውን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ለጥርስ ሐኪም ይህን ይደብቃል፤ እኛ ግን ጉንጭ ስናይ እናውቃለን። ስለ ጫቱ ራሱ አልሰብክሽም፤ ሪቴይነሩን የሚመለከተውን ልበልሽ። ሪቴይነር አድርጎ መቃም አይቻልም፤ ቅጠሉ ከሥሩ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ይወልቃል። ችግሩ የበርጫ «ትንሽ ቆይታ» የሚባል ነገር የለም። ከምሳ በኋላ የተጀመረው እስከ ማታ ይሄዳል፤ ከዚያ ምርቃናው አለ፣ ሲመለሱ ድካም አለ፣ ሪቴይነሩ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ያድራል። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ማውለቅ ጥርስሽን አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ሌሊቱን መዝለሉ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ስኳሩ ነው። ጫት አፍ ያደርቃል፤ ከሱ ጋር የሚጠጣው ኮካና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው፤ በደረቀ አፍ ውስጥ ያን ሁሉ ስኳር የሚያጥብ ምራቅ የለም። በዚያ ላይ ሳትታጠቢ ሪቴይነር ብታደርጊ ስኳሩን ከጥርስሽ ጋር ከድነሽው አደርሽ ማለት ነው፤ ምራቅ ጭራሽ አይደርስበትም። ስለዚህ መጀመሪያ በውሃ ደጋግመሽ ተጉመጥመጪ። ኮካ ጠጥተሽ ከሆነ አሲዱ ጥርሱን ስለሚያለሰልሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቦርሺ፤ ከዚያ አድርጊው። በሌላውም ቀን ቢሆን ሪቴይነር አፍሽ ውስጥ እያለ የሚጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ትኩስ ሻይና ቡና ስትጠጪ ታወልቂዋለሽ።

ሲወልቅ የሚገባው በማስቀመጫው ውስጥ ነው። ሶፍት ውስጥ አይጠቀለልም። ምሳ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሶፍት የተጠቀለለ ሪቴይነር ከተበላበት ሳህን ጋር ተነስቶ ይሄዳል፤ ሪቴይነር ከሚጠፋባቸው መንገዶች ዋናው ይኼው ነው። የድሬ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥም አይተውም፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውስጡ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ።

እናትሽ ይሸታል ያለችው እውነቷን ነው፤ ይሸታል። መድኃኒቱ ግን እሳት አይደለም። ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ላርጎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እሽት ማድረግ በቂ ነው። የጥርስ ሳሙና የጠራውን ፕላስቲክ ይጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ ሽታው ይመሽጋል። በረኪና አይነካውም። የእኛ የድሬ ውሃ ደግሞ ጀበናና ማፍያ ላይ እንደሚጋግረው ነጭ ነገር ሪቴይነሩም ላይ ይጋግራል፤ እሱ በብሩሽ አይለቅም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፤ ከዚያ ቦርሸሽ በደንብ አለቅልቂው። ይህን ሥራ ለእናትሽ ስጫት እልሻለሁ። ጡጦ ቀቅላ ያሳደገች እናት የሚሸት ፕላስቲክ ስታይ እሳት ትዝ ቢላት ምን ይገርማል? አቼቶውን አስይዣት፣ ጠባቂው እሷ ትሁን።

ፍንጭቱን በተመለከተ ግን እናትሽን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለሽም አልላትም። ፍንጭት በሽታ አይደለም፤ ባገራችንም የሚወደድ ውበት ነው። ሁለት ዓመት የታሰርሽው አንቺ ነሽና ምርጫውም ያንቺ ነው፤ ወደሽው ከሆነ እንዳለ ይቆይ ማለት ትችያለሽ። ብቻ በንዴት ስለተውሽው የመጣ ክፍተትና መርጠሽ የያዝሽው ክፍተት አንድ እንዳይመስልሽ። የተተወው የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም፤ ሌሎቹም ጥርሶች ይከተሉታል፤ አንዳንዴ ከታችኞቹ ጋር አገጣጠሙ ራሱ ይለወጣል። ትንሽ ፍንጭት ከፈለግሽ ለሐኪሙ እንደዚያው ንገሪው፤ የወደድሽው ስፋት ላይ ሲደርስ ልክ ተወስዶ እዚያው የሚያቆም ሪቴይነር ይሠራልሻል። የታችኛውን ግን በዚህም ሆነ በዚያ ማታ ማታ ማድረግሽ አይቀርም።